ገንዘብ ሲሸሽ ያልሸሹት፦ የካናዳ ሴቶች የከርሊንግ ሻምፒዮና ታሪክ

የክረምት ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ከርሊንግን ለጥቂት ደቂቃ እናያለን። አንዷ በርከክ ብላ ድንጋይ በበረዶ ላይ ትለቃለች፣ ሁለቱ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶውን ይጠርጋሉ፣ አራተኛዋ ከወዲያኛው ጫፍ ሆና ትጮኻለች። ከዚያ ቻናሉ ይቀየራል። በካልጋሪ፣ በኤድመንተንና በዊኒፔግ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አካባቢ የካናዳ ቴሌቪዥን ከሳምንት በላይ በዚህ ጨዋታ እንደሚያዝ ያውቃሉ፤ በሥራ ቦታቸውም የጄኒፈር ጆንስን ወይም የሬቸል ሆማንን ስም ሰምተው ይሆናል። የካናዳ ሴቶች ብሔራዊ ሻምፒዮና ግን እዚህ ክብር ላይ የደረሰው ብዙ ተንገላቶ ነው። በታሪኩ ሁለት ጊዜ ስፖንሰር ጥሎት ሄዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያተረፉት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። በእያንዳንዱ ቡድን አራት ተጫዋቾች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በየዙሩ ሁለት ሁለት ድንጋይ ይለቃሉ። ድንጋዩ ከግራናይት የተጠረበ፣ እጀታ ያለው፣ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ነው። የሚንሸራተትበት የበረዶ መም ከ40 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከግጥሚያው በፊት የሜዳው ሠራተኛ ውሃ በጀርባው አዝሎ በበረዶው ላይ ይረጫል፤ ጠብታዎቹ ሲረጉ ጥቃቅን ጉብታ ይሆናሉ፣ ድንጋዩም የሚሄደው በእነዚህ ጉብታዎች ላይ ነው። ሲለቀቅ በቀስታ እንዲሽከረከር ስለሚደረግ መንገዱ ይታጠፋል። በመጥረጊያ በረዶውን ማሸት ርቆ እንዲሄድና ቀጥ እንዲል ይረዳዋል። የመሙ ጫፍ ላይ በቀለም የተሠራ ክብ አለ፣ “ቤት” ይሉታል። ዙሩ ሲያልቅ ለቤቱ መሃል ይበልጥ የቀረበ ድንጋይ ያለው ቡድን ነጥብ ይወስዳል፤ ከተጋጣሚው ምርጥ ድንጋይ ይልቅ ለመሃሉ የቀረቡት ድንጋዮቹ በሙሉ ይቆጠሩለታል። ስለዚህ የዙሩን የመጨረሻ ድንጋይ መልቀቅ ትልቅ ዕድል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይህን የምታደርገው አምበሏ ናት።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1807–1926፦ ከስኮትላንድ የመጣ ጨዋታ

ከርሊንግን ወደ ካናዳ ያመጡት ስኮትላንዳውያን ስደተኞች ናቸው። በ1807 በሞንትሪያል ያቋቋሙት ክለብ እስከ ዛሬ አለ፤ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የስፖርት ክለቦች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። የካናዳ ክረምት ረጅም ነው፣ የሚረጋ ወንዝና ሐይቅ ሞልቷል፣ ስለዚህ ጨዋታው እንደ እሳት ተዛመተ። ሴቶች ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ተመልካች ነበሩ። በ1894 የሞንትሪያል ሴቶች የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። የዘመኑ ፎቶግራፎች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ መጥረጊያ ይዘው በበረዶ ላይ ቆመው ያሳዩናል።

ጨዋታው ሥር የሰደደው ግን በምዕራብ፣ በማኒቶባ፣ በሳስካችዋንና በአልበርታ ሜዳማ አገር ነው። የስንዴ ገበሬው ከመከር በኋላ ምድሪቱ ከብዙ ወራት በረዶ እስክትወጣ የእርሻ ሥራ አልነበረውም። በየትንሹ ከተማ አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የከርሊንግ ቤት ይገኝ ነበር። በዚያ የከርሊንግ ቤት የሴቶቹ ድርሻ ለረጅም ጊዜ ማዕድ ቤቱ ነበር፤ ውድድር ሲኖር ሾርባውንና ሳንድዊቹን ያዘጋጃሉ፣ ገንዘቡ ለክለቡ ይገባል። መጫወት ሲፈቀድላቸውም የሚሰጣቸው ሰዓት ወንዶቹ ሥራ ላይ የሚውሉበት የቀኑ ሰዓት ነበር። ሆኖም ተጫወቱ። ኋላ ላይ የሻምፒዮናው ታሪክ ወደ ምዕራብ ያጋደለበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል።

1927–1960፦ ወንዶቹ በቀደሙበት ዘመን

በ1927 የማክዶናልድ የትምባሆ ኩባንያ የወንዶችን ብሔራዊ ሻምፒዮና በቶሮንቶ አስጀመረ። ብራየር የተባለው ይህ ውድድር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገር በዓል ሆነ። ሴቶቹ ተመሳሳይ መድረክ ለማግኘት 34 ዓመት ጠበቁ።

ያዘገያቸው የፍላጎት ማነስ አልነበረም። ካናዳ ከዳር እስከ ዳር በባቡር ቀናት የምትፈጅ አገር ናት፤ አሥር ቡድኖችን አንድ ቦታ መሰብሰብ የባቡር፣ የሆቴልና የሜዳ ወጪ ይጠይቃል። በሴቶች ጨዋታ ላይ ያን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ አልተገኘም። ደግሞም እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ የሴቶች ማኅበር ቢኖረውም ሁሉንም የሚያገናኝ አገር አቀፍ አካል አልነበረም። በሌላ በኩል በምሥራቁ፣ በተለይ በኩቤክ፣ በግራናይት ፋንታ በብረት “ድንጋይ” ይጫወቱ ስለነበር ምዕራቡና ምሥራቁ በአንድ መሣሪያ እንኳ አይጫወቱም ነበር።

መፍትሔው ከምዕራብ መጣ። በ1950ዎቹ ኢተንስ የተባለው ትልቅ የሱቅ ኩባንያ የምዕራብ ክፍላተ ሀገራትን የሴቶች ሻምፒዮና መደገፍ ጀመረ። ምሥራቆቹም ተከተሉ። በ1960 የምዕራብና የምሥራቅ አሸናፊዎች ተጋጠሙ፣ የሳስካቱኗ ጆይስ ማኪ ቡድን አሸነፈ። በዚያው ዓመት የካናዳ ሴቶች የከርሊንግ ማኅበር ተቋቋመ። አሁን ባለቤት ተገኘ፤ የቀረው ከፋይ ነበር።

1961–1967፦ የግሮሰሪው ዋንጫ

ከፋዩ ዶሚኒየን የተባለ የግሮሰሪ ሱቆች ድርጅት ሆነ። በ1961 አሥሩም ክፍላተ ሀገራት ወደ ኦታዋ ቡድን ላኩ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጋጠመ። ዋንጫውን እንደገና ጆይስ ማኪ ወሰደች። ውድድሩ በድርጅቱ ምልክት “ዳይመንድ ዲ” ተባለ። በቀጣዩ ዓመት የብሪትሽ ኮሎምቢያዋ አይና ሀንሰን አሸነፈች፣ በ1964ም ደገመች።

በመካከል፣ በ1963፣ ማንም ያልገመተው ሆነ፤ ከትንሿ የባሕር ጠረፍ ክፍለ ሀገር ከኒው ብራንዝዊክ የመጣችው የመንክተኗ ሜብል ደዌር አሸነፈች። ደዌር ኋላ የክፍለ ሀገሯ ሚኒስትር፣ በ1990ም የካናዳ ሴኔት አባል ሆናለች። ከዚያ በኋላ ማኒቶባና አልበርታ እየተፈራረቁ ወሰዱት።

ዶሚኒየን ከ1967 ውድድር በኋላ እጁን አነሳ። ሻምፒዮናው ሰባት ዓመቱ ነበር።

1968–1979፦ የሳስካችዋን ስድስት ዓመት

ማኅበሩ ውድድሩን አላጠፈውም። ከ1968 እስከ 1971 ያለ ዋና ስፖንሰር፣ በራሱ ስም አካሄደው። የሚገርመው በሜዳው ላይ ካየናቸው ታላላቅ ቡድኖች አንዱ የተፈጠረው በዚሁ በችግሩ ዘመን መሆኑ ነው። በ1969 ጆይስ ማኪ እንደገና ሻምፒዮን ስትሆን ከጎኗ ቬራ ፔዘር ነበረች። በ1971 ቦታ ተቀያየሩ፤ ፔዘር አምበል ሆነች፣ ማኪ በእርሷ ሥር ተጫወተች። የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን አምበልነቷን ለታናሿ ለቅቃ በረዶ መጥረግን ክብሯን እንደሚያዋርድ አድርጋ አለማየቷን እኔ ከዋንጫዎቿ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ቡድኑም ዋጋውን አገኘ፦ 1971፣ 1972፣ 1973፣ ሦስት ተከታታይ ድል። ማኪ በድምሩ አምስት ጊዜ የካናዳ ሻምፒዮን ሆነች። ፔዘር የስፖርት ሥነ ልቦና ምሁር ነበረች፤ ኋላ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆናለች፣ በሜዳማው አገር የከርሊንግ ማኅበራዊ ታሪክ ላይም መጽሐፍ ጽፋለች። ከ1969 እስከ 1974 ዋንጫው ከሳስካችዋን አልወጣም።

በ1972 ማክዶናልድ የትምባሆ ኩባንያ፣ የወንዶቹን ብራየር የያዘው ያው ድርጅት፣ የሴቶቹንም ያዘ። ውድድሩ “ማክዶናልድ ላሲ” ተባለ፤ በሲጋራው ፓኮ ላይ ባለችው ስኮትላንዳዊት ልጃገረድ ስም መሆኑ ነው። በ1975 በሊ ቶቢን የተመራው የኩቤክ ቡድን አሸነፈ፤ ኩቤክ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላገኘችም። በ1976 የብሪትሽ ኮሎምቢያ ወጣቶች በሊንዚ ዴቪ አምበልነት ወሰዱት። አምበሏ በ1979 ሊንዚ ስፓርክስ በሚለው የትዳር ስሟ ድሉን ደገመችው። በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ ሮቢን ዊልሰን ነበረች፤ ስሟን እንያዘው፣ ተመልሶ ይመጣል።

በዚያው በ1979 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በስኮትላንድ፣ በፐርዝ ከተማ ተጀመረ። ወንዶቹ የዓለም ውድድር ካገኙ 20 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ ስዊዘርላንድ ወሰደችው፤ ካናዳ ያለ ዋንጫ ተመለሰች።

1980–1982፦ ከሁሉ የከፋው ዓመትና ከሁሉ የተሻለው

ማክዶናልድ ከ1979 በኋላ ከሁለቱም ውድድሮች ወጣ። ለወንዶቹ ወዲያው ላባት የተባለው የቢራ ፋብሪካ ተተካ። ለሴቶቹ ማንም አልመጣም። የ1980 እና የ1981 ሻምፒዮናዎች ያለ ስፖንሰር ተካሄዱ።

በዚያ ማንም ባልደገፋቸው በ1980 የሬጃይናዋ ማርጅ ሚቸል የካናዳን ዋንጫ ወሰደች፣ ወደ ፐርዝ ተሻግራም የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ካናዳ በሴቶች ከርሊንግ ዓለምን ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ነው። ሚቸል ብዙ አልኖረችም፤ በ1983 ካንሰር በ30ዎቹ ዕድሜዋ ወሰዳት። ዛሬ በየዓመቱ በሻምፒዮናው ላይ በስፖርታዊ ጨዋነቷ ለተመረጠችው ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት በስሟ ይጠራል።

አሁን ወደ ሮቢን ዊልሰን እንመለስ። የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኗ ስኮት ፔፐር በተባለው የወረቀት ውጤቶች ኩባንያ ውስጥ በገበያ ሥራ ላይ ነበረች። ኩባንያው የሚያመርተው ሶፍትና የሽንት ቤት ወረቀት ነበር። ዊልሰን አለቆቿን አሳመነች፤ የቤት አስቤዛ የሚገዛው ማን እንደሆነ ካሰብነው ሐሳቡ ለኩባንያውም የሚያዋጣ ነበር። በ1982 በሬጃይና ውድድሩ በአዲስ ስም፣ “የልቦች ውድድር” ተብሎ ተከፈተ። አራት ልቦች ያሉበት ምልክት ወጣለት፤ ወደ ሻምፒዮናው ለምትደርስ ተጫዋች ሁሉ በዚህ ምልክት የተሠራ የአንገት ጌጥ ይሰጣታል፣ ሴቶቹም ከዋንጫ ባላነሰ ይሳሱለታል።

ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርጌ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ግሮሰሪውም ትምባሆውም መጥተው ሄደዋል። ይህኛው ግን ከ1982 ጀምሮ አልተቋረጠም። ክሩገር የተባለ ኩባንያ ድርጅቱን በ1997 ከገዛው በኋላም ቀጠለ፣ በ2007 ስሙ “ስኮቲስ” ተባለ እንጂ ውሉ አልፈረሰም። ልዩነቱን ያመጣችው ከበረዶው ላይ ወደ ቢሮ የገባች አንዲት ተጫዋች ናት። ዊልሰን ውድድሩን ከሃያ ዓመት በላይ ከኋላ ሆና አስተባብራለች፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከማንም አስተዋዋቂ በተሻለ ታውቅ ነበር።

የ1982ቱን ዋንጫ የወሰደችው ከኖቫ ስኮሺያ የመጣች የ22 ዓመት ወጣት ናት፦ ኮሊን ጆንስ።

1983–1992፦ ቤት የተሠራበት አሥርት

በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ትልቅ ለውጥ ተደረገ፦ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን በክፍለ ሀገሩ ማጣሪያ ሳያልፍ በቀጣዩ ዓመት “ቡድን ካናዳ” ተብሎ በቀጥታ እንዲመለስ ተወሰነ። ከዚያ በፊት የአገር ሻምፒዮን በሰፈሯ ውድድር ተሸንፋ ቤቷ ልትቀር ትችል ነበር። አሁን ድልን የማስጠበቅ ወግ ተጀመረ። የማኒቶባዋ ኮኒ ላሊበርቴ በ1984፣ በ1992ና በ1995 አሸነፈች። የታንደር ቤይዋ ሄዘር ሂውስተን በ1988ና በ1989 አከታትላ ወሰደች። በ1985 ያሸነፈችው ሊንዳ ሙር፣ ሊንዚ ስፓርክስን ከጎኗ ይዛ፣ ከርሊንግ በ1988ቱ የካልጋሪ ኦሊምፒክ ለማሳያ ሲቀርብ አንደኛ ወጣች። በ1990 የሴቶቹ ማኅበር ከወንዶቹ ጋር ተዋሕዶ አንድ የካናዳ ከርሊንግ ማኅበር ሆነ።

1993–2000፦ ሳንድራ ሽመርለር

ከሳስካችዋን ትንሽ ከተማ ከቢገር የተገኘችው ሳንድራ ሽመርለር፣ ከጃን ቤትከር፣ ከጆን ማካስከርና ከማርሻ ጉደራይት ጋር በ1993፣ በ1994ና በ1997 የካናዳ ሻምፒዮን ሆነች። በሦስቱም ዓመት ዓለምንም አሸነፈች። ከዚያ ኦሊምፒክ መጣ፤ ከርሊንግ በ1998 በናጋኖ በሙሉ ሜዳሊያ ሊገባ ሆነ፣ ካናዳም ወኪሏን ለመምረጥ በኖቬምበር 1997 በብራንደን ከተማ ማጣሪያ አዘጋጀች። ሽመርለር የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ሁለት ወር ገደማዋ ነበር።

በፍጻሜው የገጠማት የካልጋሪዋ ሻነን ክላይብሪንክ ናት። ጨዋታው ከአጋማሹ እንዳለፈ ሽመርለር የመጨረሻ ድንጋይዋን ይዛ ቆመች። የተጋጣሚዋ ድንጋይ ቤቱ መሃል ላይ ተቀምጧል፣ ፊት ለፊቱ ተጋርዷል፤ በቀጥታ የሚደረስበት መንገድ የለም። ከጎን በኩል ግን አንድ ድንጋይ አለ። ከረንቡላ የተጫወተ ሰው ያሰበችው ወዲያው ይገባዋል፦ የጎኑን ድንጋይ ነክቶ፣ አቅጣጫ ቀይሮ፣ ወደ መሃል መግባት። ልዩነቱ ርቀቱ ነው፤ ድንጋዩ ሠላሳ ሜትር ያህል ተጉዞ በጣት ስፋት ሳይሳሳት መንካት አለበት። ለቀቀችው። ነካ፣ ታጠፈ፣ የተጋጣሚዋን ድንጋይ አስወጥቶ እዚያው ቀረ። ሦስት ነጥብ ሆነ፤ ጨዋታውም በዚያ አለቀ ማለት ይቻላል። በናጋኖ ዴንማርክን በፍጻሜ አሸንፈው የመጀመሪያው የሴቶች የኦሊምፒክ ከርሊንግ ወርቅ የእነርሱ ሆነ።

በ1999 ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ካንሰር ተገኘባት። ማርች 2 ቀን 2000 በ36 ዓመቷ አረፈች። የወንዶቹ ብራየር በዚያው ሰሞን በሳስካቱን ይካሄድ ነበር፤ ቀብሯ በቴሌቪዥን ለመላው አገር ተላለፈ፣ በውድድሩ አዳራሽም ሕዝቡ በትልቁ ስክሪን ተከታተለው። ለአንዲት የከርሊንግ ተጫዋች አገር እንዲህ ሲያዝን ከዚያ በፊት አልታየም። በስሟ የተቋቋመው ድርጅት ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና በጠና ለታመሙ ጨቅላ ሕፃናት የሆስፒታል መሣሪያ ይገዛል፤ በየዓመቱም በሴቶች ሻምፒዮና መካከል በቴሌቪዥን ገንዘብ ያሰባስባል። ጨዋታው በሚታይበት ሰዓት ተመልካቹ ስልክ ደውሎ ይለግሳል።

2001–2010፦ ሁለቱ ጆንሶች

የ22 ዓመቷ ሻምፒዮን ኮሊን ጆንስ ሁለተኛ ዋንጫዋን ለማግኘት 17 ዓመት ፈጀባት። የሲቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሆነች፣ የአየር ጠባይ ዘገባ ታቀርብ ነበር፣ ልጆች ወለደች፣ ግን በየዓመቱ ክረምት ወደ በረዶው ትመለስ ነበር። በ1999 አሸነፈች። ከዚያም ከሃሊፋክስ ክለቧ ከሜይፍላወር ቡድን ጋር ከ2001 እስከ 2004 አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ማንም አልነካባትም። በ2001ና በ2004 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ለዘመናት ምዕራቡ የገዛውን ጨዋታ ከአትላንቲክ ዳር የመጣች ሴት ስድስት ጊዜ ወሰደችው።

በ2005 ውድድሩ በኒውፋውንድላንድ ዋና ከተማ በሴንት ጆንስ ሆነ። ለፍጻሜ የቀረቡት የዊኒፔጓ ጠበቃ ጄኒፈር ጆንስና የኦንታሪዮዋ ጄን ሃና ናቸው። አሥረኛው ዙር ላይ ሃና 6 ለ 4 ትመራለች፤ የቀረው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፣ የጆንስ። የሃና ድንጋይ ቤቱ መሃል ተሸሽጎ ተቀምጧል። ጆንስ ያየችው መንገድ ሽመርለር በብራንደን ያየችውን ዓይነት ነበር፤ በዳር የቆመን የተጋጣሚ ድንጋይ ነክቶ ወደ ውስጥ መታጠፍ። ድንጋዩ ነካ፣ ወደ መሃል ዞረ፣ የሃናን ድንጋይ መትቶ አወጣ። አንድ ምት፣ አራት ነጥብ፣ 8 ለ 6። ካናዳውያን ዛሬም “ምቱ” ሲሉ የትኛውን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጆንስ በ2008፣ በ2009ና በ2010 አከታትላ፣ ኋላም በ2015ና በ2018 አሸንፋ ከኮሊን ጋር በስድስት ዋንጫ ተስተካከለች። በ2014 በሶቺ ኦሊምፒክ አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ ወርቅ ወሰደች።

2011–2019፦ በሩ ሰፋ

ከኦታዋ የመጣችው ሬቸል ሆማን በ2013፣ በ2014ና በ2017 አሸነፈች፤ አልበርታም በሄዘር ነዶሂንና በቼልሲ ኬሪ በኩል ዋንጫ አገኘች። ከሜዳው ውጪ የተደረገው ለውጥ ግን የበለጠ ነው። ሰሜኖቹ፣ ዩኮንና የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ ለብዙ ዓመታት ባንድ ቡድን ይወከሉ ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ ለየብቻ ቆሙ። በመጀመሪያ ደካሞቹን በቅድመ ማጣሪያ የማስቀረት ሥርዓት ተሞከረ፣ ብዙ ቅሬታም አስነሳ፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የመጣ ቡድን ዋናው ውድድር ሳይጀመር ዕቃውን ሸክፎ ይመለስ ነበርና። ቅሬታው ትክክል ነበር። በ2018 ሥርዓቱ ቀርቶ ኑናቩትን ጨምሮ 16 ቡድኖች በሁለት ምድብ ተካፈሉ።

2020–2025፦ እኩል ሽልማት፣ ባዶ አዳራሽ

በእነዚያው ዓመታት የወንዶቹ ሻምፒዮን ከሴቷ ሻምፒዮን እጥፍ በላይ ሽልማት ያገኝ ነበር። በረዶው አንድ፣ ድንጋዩ አንድ፣ ዙሩ አንድ ሆኖ ሽልማቱ መለያየቱ በአደባባይ ካነጋገረ በኋላ ከ2020 ጀምሮ እኩል ሆነ። ወንዶቹ ብራየርን ከጀመሩ 93 ዓመት አልፎ ነበር።

የማኒቶባዋ ኬሪ አይናርሰን በ2020 አሸነፈች። በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ በካልጋሪ በዝግ፣ ያለ ተመልካች ተካሄደ፤ የመጥረጊያው ድምፅና የአምበሎቹ ጩኸት ብቻ በአዳራሹ ይሰማ ነበር። ለፍጻሜ የቀረበችው ሬቸል ሆማን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆዷን ይዛ በርከክ እያለች 20 ኪሎውን ድንጋይ ስትለቅ አገር አይቷል። አይናርሰን 9 ለ 7 አሸነፈቻት፣ በ2022ና በ2023ም ደግማ የኮሊን ጆንስን የአራት ተከታታይ ድል ተስተካከለች።

በ2024 በካልጋሪ ለፍጻሜ የተገናኙት ጄኒፈር ጆንስና ሬቸል ሆማን ናቸው። ጆንስ ይህ የመጨረሻ ሻምፒዮናዋ መሆኑን አስቀድማ ተናግራ ነበር፤ ሰባተኛውን ዋንጫ አግኝታ ክብረ ወሰኑን ለብቻዋ ልትይዝ አንድ ጨዋታ ቀርቷታል። ሆማን 5 ለ 4 አሸነፈቻት፤ በውድድሩ ሁሉ አንድም ጊዜ አልተሸነፈችም። በዚያው ዓመት የዓለምን ዋንጫ ወሰደች፣ በ2025ም ሁለቱንም ደገመች። በዚህም የሆማን የካናዳ ዋንጫ አምስት ደረሰ፤ የኮሊንና የጄኒፈር ስድስት በአንድ ብቻ ቀደማት።